«ከግብረ አበሮቻቸው ጋር በመሆን»፦ የአንድ ወጣት ድርሻ በውንብድና ክስና ቅጣት አማርኛ ውስጥ

በብዙዎች የተፈጸመን ውንብድና በሚመለከት በአማርኛ የሚጻፍ የቅጣት ውሳኔ «እያንዳንዳቸው» ለሚለው ቃል አንድ የተለመደ ቦታ አለው፤ እርሱም መጨረሻው ነው። ተከሳሾቹ በአንድነት አሰቡ፣ በአንድነት ጠበቁ፣ በአንድነት መቱ፣ በአንድነት ወሰዱ፤ ቅጣቱ ሲነገር ግን «እያንዳንዳቸው በይህን ያህል ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጡ» ይባላል። ድርጊቱ የጋራ፣ ቅጣቱ የነፍስ ወከፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በሁለቱ መካከል ያለውን የቋንቋ መንገድ ነው፤ በተለይም ዕድሜው በአሥራዎቹ መጨረሻ ላይ የሚገኝ፣ ከዚህ ቀደም ተከሶ የማያውቅ፣ ከሌሎች ጋር ወጥቶ ከሌሎች ጋር የተያዘ ወጣት በዚያ መንገድ ሲያልፍ ምን ይዞ እንደሚወጣና ምን እንደሚቀርበት።

ለሂሱ መነሻ የሆኑት ጽሑፎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. ያሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ነው። በእነዚህ ላይ የዐቃቤ ሕግ ክስና የፍርድ አጻጻፍ ልማድ ይጨመራል። በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚወጣ ሕግ ሲጋጭ አማርኛው የበላይ ነው። ስለዚህ የአማርኛው ሰዋስው በዚህ አገር ጌጥ አይደለም፤ የሰው ዕድሜ የሚቆጠርበት መሣሪያ ነው።

ስሙ ሰውየውን ሲጠራ

የ1949 ዓ.ም. ሕግ ስሙ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ነበር፤ የ1996ቱ «የወንጀል ሕግ» ተባለ። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ከሰውየው ወደ ድርጊቱ መሸጋገሩን ያሳያል። «-ኛ» የሚለው ድኅረ ቅጥያ በፈረሰኛ፣ በቀማኛ፣ በነገረኛ እንደሚታየው ሙያን ወይም ጸንቶ የሚኖር ጠባይን ከሰው ጋር የሚያጣብቅ ነው። «ወንጀል ያደረገ» የተባለ ሰው አንድ ጊዜ አድርጎ ሊሆን ይችላል፤ «ወንጀለኛ» የተባለው ግን ነገም ያው ነው። አዲሱ ሕግ ይህን ቅጥያ ከርዕሱ ማውጣቱ ያስመሰግነዋል።

ይህ ጥንቃቄ ግን እስከ ወንጀሎቹ ስም ድረስ አልወረደም። ሕጉ ስለ ሌባ ሲናገር በአንቀጽ 665 «ስርቆት» ይላል፤ ቃሉ «ሰረቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ የድርጊት ስም ነው። «ሌብነት» ሊል ይችል ነበር፤ አላለም፤ ሌብነት ከሌባ ይወጣልና። ወደ አንቀጽ 670 ሲደርስ ግን «ውንብድና» ይላል። ውንብድና የሚወጣው ከወንበዴ ነው፤ «ወነበደ» የሚለው ግሥ እንኳ ሲተነተን «ወንበዴ ሆነ» ከማለት ብዙም አይርቅም። በስርቆት ድርጊቱ ሰውየውን ይቀድማል፤ በውንብድና ሰውየው ድርጊቱን ይቀድመዋል። ጋዜጣውና መንገደኛው ለዚሁ ነገር ዘረፋ፣ ዝርፊያ፣ ቅሚያ፣ ንጥቂያ የሚሉ የድርጊት ስሞች አሏቸው። የአዲስ አበባ ሰው «ማጅራት መቺ» ሲል እንኳ የሚነግረን የት ላይ እንደተመታ ነው።

«ወንበዴ» ደግሞ ባዶ ቃል አይደለም። «ሽፍታ» በአማርኛ ክብርም ነውርም የሚሸከም፣ ከኤርትራ እስከ ሰሜን ኬንያ ድረስ የተዘዋወረ ቃል ነው፤ የተበደለ ሰው ይሸፍታል፣ ሸፍቶም ሊታረቅ ይችላል። ወንበዴ ግን አይታረቅም። በደርግ ዘመን በትጥቅ የተነሡት ሁሉ በመንግሥት ራዲዮ የሚጠሩበት ስም ይኸው ነበር። ሁለት ጓደኞቹን ተከትሎ ስልክ የነጠቀ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ በክሱ ርዕስ ላይ የሚያገኘው ስም ይህን ሁሉ ጓዝ ይዞ የመጣ ነው። ዳኛው በዚህ ምክንያት ቅጣት ይጨምራል ማለት አይደለም፤ «የመጀመሪያ ጥፋት» የሚለው ሐረግ ግን ከእንዲህ ዓይነት ስም አጠገብ ሲቆም ይጠብበታል። ስሙ ልማድን ይናገራል፤ ሐረጉ ልማድ የለም ይላል።

የጎረቤት ቋንቋዎች ነገሩን በተለያየ መንገድ ይዘውታል። በኦሮምኛ «ሳሚቻ» የሚወጣው «ሳሙ» ከሚለው የመዝረፍ ግሥ ነው፤ ከስርቆት ወገን ማለት ነው። በታንዛኒያ የሕግ ስዋሂሊ ያለው «ኡኛንጋኚ» ግን መነሻው የመንጠቅ ግሥ ቢሆንም በነጣቂው ስም፣ በ«ምኛንጋኚ»፣ በኩል አልፎ በ«ኡ-» የረቂቅ ስም የሆነ ነው፤ ወደ ውንብድና ይቀርባል። የኬንያ ጋዜጦች የሚመርጡት «ዊዚ ዋ ማባቩ» ስርቆትን አስቀድሞ ጉልበትን በቅጽል ስለሚያስከትል ከሦስቱ ሁሉ ለሰውየው የሚራራ አጠራር ነው። ነገሩ የሚያስገርመው ግን የኬንያ ሕግ ራሱ ከሦስቱ ሁሉ የማይራራ መሆኑ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

የብዙ ቁጥር ሦስት ሥራዎች

በአማርኛ «መቱ»፣ «ወሰዱ»፣ «አንቀው» በሚሉት ግሦች ላይ ያለው የሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ሦስት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ከአንድ በላይ የሆኑ ሰዎች ማለት ነው። ሁለተኛው አክብሮት ነው፤ «እሳቸው ወሰዱ» ሲባል ወሳጁ አንድ ነው። ሦስተኛው ለሰዋስው ሰዎች የታወቀ ቢሆንም በችሎት ብዙም የማይታሰብ ነው፤ ባለቤቱ ያልተለየ ድርጊት። «ሰረቁኝ» የሚል ሰው ሌባው ስንት እንደሆነ መናገሩ አይደለም፤ አንድም ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ላያየውም ይችላል። «ጠሩት»፣ «ከሥራ አስወጡት»፣ «ሾሙት» ሁሉ እንዲሁ ናቸው።

የግል ተበዳይ በጨለማ የደረሰበትን ሲናገር «አነቁኝ፣ መቱኝ፣ ስልኬን ወሰዱብኝ» ይላል። ይህ አነጋገር ሐቀኛ ነው፤ ከበስተኋላው የያዘው እጅ የማን እንደሆነ አላየም፣ አላየሁም ለማለትም ሰዋስው የሰጠውን ቅርጽ ተጠቅሟል። ቃሉ በፖሊስ ተመዝግቦ ወደ ክስ ሲገባ ግን ያው ብዙ ቁጥር ባለቤት ያገኛል፤ «ተከሳሾቹ አንቀው፣ መትተው፣ ወስደው» ይሆናል። የግሡ ቅርጽ አልተለወጠም፤ በዚህም ምክንያት ማንም አንዳች ነገር የተጨመረ አይመስለውም። ግን ተጨምሯል። «ማን እንደሆነ አላውቅም» የነበረው «እነዚህ ሁሉም» ሆኗል።

ከዚያም ብዙ ቁጥሩ ሦስተኛ እርምጃ ይራመዳል። «ልጆቹ ጠረጴዛውን አነሡ» ሲባል አንሺው ቡድኑ እንደሆነ፣ «ልጆቹ አስነጠሱ» ሲባል ደግሞ እያንዳንዱ ለየብቻው እንደሆነ ሰሚው የሚያውቀው ከግሡ ፍች እንጂ ከቅጥያው አይደለም። በውንብድና ክስ ውስጥ ያሉት ግሦች የተቀላቀሉ ናቸው። ማሰብ የእያንዳንዱ ነው። መክበብ የቡድን ነው። ማነቅ የአንድ፣ ቢበዛ የሁለት ሰው እጅ ነው። ሁሉም በአንድ ቅጥያ ሲደረደሩ አንባቢው ልዩነቱን መጠየቅ ያቆማል። እንግዲህ ባለቤት አልባው ብዙ ቁጥር በምስክርነት፣ ባለቤት ያለው በክስ፣ የቡድኑ በጥፋተኝነት ፍርድ፣ በመጨረሻም የእያንዳንዱ በቅጣት ውሳኔ ይመጣል። አራቱ ንባቦች አንድ ቅጥያ ለብሰው ነው የሚያልፉት።

አራት ሰው፣ አንድ አንገት

ለማሳያ የሚከተለው ክስ ተቀናብሯል፤ የማንም እውነተኛ መዝገብ አይደለም፤ አጻጻፉ ግን የችሎት አማርኛ ለሚያነብ ሁሉ እንግዳ አይሆንም።

«ተከሳሾቹ የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት በማሰብ፣ ለጊዜው ካልተያዙ ሁለት ግብረ አበሮቻቸው ጋር በመሆን፣ ከምሽቱ በግምት 3፡00 ሰዓት ሲሆን የግል ተበዳይን መንገድ ላይ ጠብቀው፣ አንገቱን አንቀው፣ በቦክስ መትተው መሬት ላይ ከጣሉት በኋላ የእጅ ስልኩን ከኪሱ አውጥተው ወስደው የተሰወሩ በመሆኑ በፈጸሙት የውንብድና ወንጀል ተከሰዋል።»

ተከሳሾቹ ሁለት፣ ያልተያዙት ሁለት፣ በድምሩ አራት ሰዎች። አንገቱ ግን አንድ ነው፤ ኪሱም አንድ ነው። አራት ሰው አንድን አንገት አያንቅም። ይህን የምናውቀው ከዓለም እንጂ ከዓረፍተ ነገሩ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ አራቱም አነቁ ይላል። እንበልና ሁለተኛው ተከሳሽ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ነው፤ የሠራውም መታጠፊያው ላይ ቆሞ ሰው ቢመጣ ማፏጨት ነው። በዚህ ክስ ውስጥ የእርሱ ድርጊት የትኛው ነው? አንድ ግሥ ብቻ ይስማማዋል፤ «ጠብቀው»።

ይህ ግሥ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። «ጠበቀ» አድፍጦ የሚመጣውን ሰው መጠበቅ ነው፤ ዘብ ቆሞ አካባቢን መጠበቅም ነው። የክሱ ጸሐፊ የመጀመሪያውን አስቦ ይሆናል፤ የልጁ ድርጊት ሁለተኛው ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 32 ዋና ወንጀል አድራጊ የሚባለው ድርጊቱን በእጁ የፈጸመው ብቻ ሳይሆን፣ እጁን ባያስገባም በሐሳቡ በወንጀሉና በውጤቱ ሙሉ በሙሉ የተሳተፈ ሰውም ነው። በአንቀጽ 37 ደግሞ አባሪ የሚባል አለ፤ የረዳ፣ ያመቻቸ፤ ለእርሱም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። (የቢሮ አማርኛ «አባሪ» የሚለውን ቃል ከደብዳቤ ጋር ለሚያያዝ ወረቀት ማዋሉ በአጋጣሚ የተገኘ ጥሩ ማብራሪያ ነው፤ አባሪው ደብዳቤው አይደለም።) አድፍጦ የጠበቀ ሰው ወደ አንቀጽ 32 ያዘነብላል። ዘብ የቆመው የቱ ጋ እንደሚወድቅ የሚታወቀው ምን አውቆ፣ ምን ፈልጎ፣ ምን ሊካፈል እንደቆመ ተጠይቆ ነው። «ጠብቀው» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ጥያቄው እንዲነሣ አያደርግም።

አንዳንድ የሕግ ሰዎች ለዚህ ጥፋቱን ወደ አማርኛ ይወስዱታል፤ ቋንቋው የቦዝ አንቀጽ ሰንሰለት ይወዳል፣ ትክክለኛነትም በሰንሰለቱ ይጠፋል ይላሉ። ይህ ክስ መሠረት የለውም። የአማርኛ ቦዝ አንቀጽ በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ካሉት አቻዎቹ በተለየ መደብን፣ ጾታንና ቁጥርን ይዞ ይሄዳል፤ አንቆ፣ አንቃ፣ አንቀው፣ አንቄ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱን እንዲቀይርም ይፈቅዳል፤ «ዝናቡ ዘንቦ ወንዙ ሞላ» ሲባል ዘናቢው ሌላ፣ ሞይው ሌላ ነው። ስለዚህ «1ኛ ተከሳሽ አንገቱን አንቆት፣ ያልተያዘው ግብረ አበር በቦክስ መትቶት፣ 2ኛ ተከሳሽ መታጠፊያው ላይ ቆሞ መንገዱን እየጠበቀላቸው ስልኩን ወሰዱ» ብሎ መጻፍ ሰዋስው የሚከለክለው ነገር አይደለም። ርዝመቱም ከቀድሞው አይበልጥም። ቋንቋው መሣሪያውን አቅርቧል፤ አልተነሣም።

ካልተነሡት ምክንያቶች አንዱ «በመሆን» የምትለው ትንሽ ቃል ናት። «ከግብረ አበሮቹ ጋር ሆኖ» ቢባል «ሆኖ» ማን እንደሆነ ይናገር ነበር፤ ነጠላ ነው፣ ወንድ ነው፣ ሌሎቹ አጃቢ ናቸው። «በመሆን» ግን መደብ የለውም፤ ለአንዱም ለሁሉም ያገለግላል። ዐቃቤ ሕግ አንድ ቅጽ ለሁሉም ክስ ሲገለብጥ የማይለወጠው ቃል ይኸው ስለሆነ ይመቸዋል። የ«ግብረ አበር» ታሪክም ያግዘዋል፤ የግእዝ አያያዥነት ያለው ጥምር ስም ነው፣ በግብር ያበረ ማለት ነው፤ ግን ምን ያህል እንዳበረ አይናገርም። በቅንፍ የሚነገር አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ተከሳሾች «1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ» ተብለው የሚቆጠሩት በክሱ ላይ በሰፈሩበት ተራ ነው፤ አንባቢ ግን ተራውን የድርሻ ተራ አድርጎ ያነበዋል፣ 1ኛውም ሳይታወቅ አለቃ ይሆናል።

ለጸሐፊዎቹ መቆርቆርም ይገባል። ማስረጃው ድርሻን መለየት በማይችልበት ጊዜ ለይቶ መጻፍ ፈጠራ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከጅምላው የባሰ ነው። ነገር ግን «መለየት አልተቻለም» ማለትና «ሁሉም አደረጉ» ማለት አንድ አይደሉም። ሕጉ ራሱ ይህን ያውቃል፤ አንቀጽ 41 በአንድ ወንጀል ብዙ ሰዎች ሲሳተፉ የአንዱ የግል ሁኔታ ወደ ሌላው እንደማይተላለፍ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 88 ቅጣቱ በእያንዳንዱ የግል ጥፋት መጠን እንዲለካ ያዛል። በሕጉ ውስጥ ከቋንቋም ከሐሳብም አንጻር ከሚያምሩት ድንጋጌዎች መካከል እነዚህ ሁለቱ ይገኙበታል። የሚያሳዝነው ሥራ የሚጀምሩት ቅጣት ላይ ሲደረስ፣ ብዙ ቁጥሩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መሆኑ ነው።

አንድ ሐረግ ሦስት ጊዜ

«ከሌሎች ጋር» የሚለው ሐረግ በአንድ መዝገብ ውስጥ በሦስት በር ሊገባ ይችላል። መጀመሪያ በአንቀጽ 32 በኩል፣ ማን ዋና ወንጀል አድራጊ እንደሆነ ለመናገር። ቀጥሎ በአንቀጽ 671 በኩል፣ ውንብድናውን ከባድ ለማድረግ። ተራ ውንብድና በአንቀጽ 670 ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ ለስርቆት ወይም ለውንብድና የተቋቋመ ቡድን አባል ሆኖ የፈጸመው ግን ከ5 እስከ 25 ዓመት ይጠብቀዋል። ሦስተኛው በር አንቀጽ 84 ነው፤ ከሌሎች ጋር በስምምነት ማድረግ ጠቅላላ የቅጣት ማክበጃ ነው። ሕጉ አንድን ሁኔታ የወንጀሉ ማቋቋሚያ ካደረገው በኋላ እንደገና ማክበጃ አድርጎ መቁጠርን ይከለክላል። ክልከላው ግልጽ ነው። የሚያስቸግረው ሦስቱም በሮች ላይ የሚደርሰው የአማርኛ ሐረግ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ዓይን «በሁለተኛ ጊዜ ተቆጥሯል» ብሎ የሚይዘው የቃል ልዩነት አያገኝም።

ከዚህም በላይ «የቡድን አባል» እና «ከሌሎች ጋር» በትርጉም የተራራቁ ናቸው። ቡድን አስቀድሞ ይቋቋማል፤ አባልነትም ከድርጊቱ በፊት ይኖራል፣ ከድርጊቱም በኋላ ይቀጥላል። ሦስት የሰፈር ልጆች ከኳስ መልስ ተነጋግረው ያደረጉት ነገር የሚገለጸው በ«ተነጋገሩ» ነው፤ «ተደራጁ» አይባልም። አማርኛ እነዚህን ግሦች በደንብ ይለያል። ተገናኙ፣ ተከተለ፣ ተስማሙ፣ አደሙ፣ ተደራጁ እያለ ቋንቋው የአብሮነትን ደረጃ እየደረደረ ያስቀምጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ወጣት የ670ና የ671 ልዩነት የዓመታት ልዩነት ስለሆነ ክሱ ከእነዚህ ግሦች የትኛውን እንደመረጠ መጠየቅ የተከላካይ ጠበቃ የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት።

የኬንያ ሕግ ይህ ሐረግ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያሳያል። በአገሪቱ የወንጀል ሕግ ክፍል 296 ንዑስ ክፍል 2 መሠረት ዘራፊው አደገኛ መሣሪያ ከያዘ፣ ወይም ከአንድ ወይም ከዚያ በላይ ሰው ጋር አብሮ ከሆነ፣ ወይም ሰውን ከመታ ወይም ካቆሰለ ቅጣቱ ሞት ነው። ሦስቱን የሚያያይዘው «ወይም» ነው፤ አንዱ ብቻ ይበቃል። መሣሪያ ሳይያዝ፣ ሰው ሳይመታ፣ አብሮነት ብቻውን ወደ ሞት ፍርድ ያደርሳል። ኬንያ ከ1987 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሞት ቅጣት አልፈጸመችም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2017 እ.ኤ.አ. በሙሩአቴቱ መዝገብ ዳኛው ሌላ ምርጫ የሌለበትን አስገዳጅ የሞት ቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጣጣምም ብሏል። የበታች ፍርድ ቤቶች ይህን ወደ ዘረፋም ሲያዛምቱ ቆይተው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ያው ፍርድ ቤት ውሳኔው ለግድያ ብቻ እንደሆነ አብራራ። በታንዛኒያ ደግሞ በመሣሪያ የተፈጸመ ዘረፋ ዝቅተኛ ቅጣቱ 30 ዓመት ነው። ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር የኢትዮጵያ ሕግ ለዳኛው ሰፊ ሜዳ ይሰጣል። ሜዳው ሰፊ በሆነ መጠን ግን በሜዳው ላይ የሚሠራው ቋንቋ ሸክም ይጨምራል፤ ከ1 እስከ 15 ባለው ውስጥ የት እንደሚቆም የሚወስነው የድርጊቱ አገላለጽ ነውና።

ወጣትነትና ሪከርድ

«ወጣት» በሕጉና በመንግሥት ፖሊሲ አንድ ሰው አይደለም። በወንጀል ሕጉ ለወጣት ጥፋተኞች የተሰጠው ልዩ ሥርዓት ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ይመለከታል፤ ከ15 በላይ ሆነው 18 ላልሞላቸው አንቀጽ 56 መለስተኛ ቦታ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ አዋቂነት ነው። የ1996 ዓ.ም. ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ግን ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ስለዚህ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ለሥራ ዕድል ሲመዘገብ ወጣት ነው፤ ለቅጣት ሲቀርብ አይደለም። ጠበቃው በማቅለያ አስተያየቱ «ደንበኛዬ ወጣት በመሆኑ» ሲል ሕጋዊ ቃል የተናገረ ይመስለዋል፤ የተናገረው ግን የተራ ንግግር ቅጽል ነው። ቢሻለው ኖሮ ወደ አንቀጽ 82 ሄዶ ድንጋጌው የሚናገረውን፣ መልካም የነበረውን የቀድሞ ጠባይ፣ የማስተዋል ማነስንና የዋህነትን፣ ከልጁ ታሪክ ጋር አገናኝቶ ያስረዳ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ የሰዋስው ነገር ይመጣል። ሕጉ ስለ ቀድሞ መልካም ጠባይ በአዎንታ ሲናገር የችሎት ልማድ ወደ አሉታ ለውጦታል፤ «የቀድሞ የወንጀል ሪከርድ የሌለበት»። «-በት» ሸክምን፣ ጉዳትን ያመለክታል፤ ዕዳ አለበት፣ በሽታ አለበት፣ ነገር አለበት። ሪከርድ «የሌለበት» ሰው ሸክም ያልተገኘበት ሰው ነው፤ ስላለው ነገር ምንም አልተነገረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው ታሪክ ወደ አንድ ባዶ ሣጥን ይጠቀለላል። ከዚያ የሚከተለው «የቤተሰብ አስተዳዳሪ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ከአባቱ ቤት ላልወጣ ልጅ ሳይቀር ሲገባ ይታያል፤ ቅጽ ቅጽን ስለሚጠራ ነው።

ቋንቋው በተቃራኒው ወገን «-ለት» አለው፤ ማቅለያ «ተይዞለታል»፣ ማክበጃ «ተይዞበታል»። ሁለቱም ተደራጊ ግሦች ስለሆኑ ያዡ አይታይም፤ ለማን እንደተያዘ ግን በነጠላ ይናገራሉ። በድርጊቱ ትረካ የጠፋው ነጠላ ሰው እዚህ ተመልሶ ይገኛል። ይህ የአማርኛ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ያለ እርሱ የግል ሁኔታን ለግለሰቡ መስጠት በጣም ረጅም ዓረፍተ ነገር ይጠይቅ ነበር።

ከሚዛን ወደ እርከን

«ማቅለያ» እና «ማክበጃ» የሚዛን ቃላት ናቸው፤ ቀለለ፣ ከበደ። በሚዛን ላይ የሚጫን ነገር እንደ ክብደቱ ይስባል፤ አንድ ትልቅ ምክንያት ከሦስት ትናንሾች ሊበልጥ ይችላል። የቅጣት አወሳሰን መመሪያው ከዚህ ወጥቶ ወደ «ደረጃ» እና «እርከን» ተሻግሯል። እርከን የገበሬ ቃል ነው፤ አፈር እንዳይሸረሸር በተዳፋት ላይ የሚሠራ፣ እኩል ስፋት ያለው። መመሪያው የተዘጋጀበት ዓላማ አይነቀፍም፤ ለተመሳሳይ ጥፋት የተራራቀ ቅጣት ሲሰጥ የነበረበትን ሁኔታ ማቃናት ነው። ግን ምክንያቶች በእርከን ሲቆጠሩ የየራሳቸው ክብደት ወደ ቁጥር ይለወጣል። መጸጸት አንድ ነው፤ የቀድሞ መልካም ጠባይም አንድ ነው። በአንድ መዝገብ ውስጥ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅና ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈው መሪው ሁለቱም «ሪከርድ የሌለባቸው» ከሆኑ እኩል ይወርዳሉ። የእርከን ቋንቋ ይህን ኢፍትሐዊ ብሎ መጥራት አይችልም፤ የሚዛን ቋንቋ ይችል ነበር። መመሪያው «ማቅለያ» የሚለውን ቃል አልጣለም፤ ቃሉ በውስጡ ተቀምጧል፤ ሥራው ግን ተወስዶበታል።

የአስተርጓሚው ግሥ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የክርክሩን ቋንቋ ለማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ይደነግጋል። ከላይ የተቀናበረው ክስ በአዲስ አበባ ችሎት ለአንድ ሶማልኛ ተናጋሪ ወጣት ሲነበብ አስተርጓሚው «ጠብቀው» ላይ ይደርሳል። በኦሮምኛ ቢሆን ኖሮ «ኤጉ» እንደ አማርኛው ሁለቱንም፣ መጠባበቅንም ዘብ መቆምንም ስለሚይዝ አሻሚነቱ ሳይነካ ያልፍ ነበር። ሶማልኛ ግን ሁለት የተለያዩ ግሦች አሉት፤ የሚመጣውን መጠበቅ «ሱግ» ነው፣ አካባቢን መጠበቅ «ኢላሊ» ነው። አስተርጓሚው «ሱጌን» ካለ ልጁ የሰማው ሰው ሊያጠቃ አድፍጧል የሚል ነው፤ «ኢላሊዬን» ካለ ዘብ ቆሟል የሚል ነው። በመጀመሪያው «አላደረግሁም» ብሎ ይክዳል፤ በሁለተኛው «አዎ፣ ቆሜ ነበር» ብሎ ያምናል፤ እምነቱም በመዝገቡ ላይ በአማርኛ የሚሰፍረው «ጠብቄአለሁ» ተብሎ ነው።